በመንገድ ዳር የቆሙ ምስክሮች
(ከአዲስ አበባ እስከ ዓባይ በረሃ)

እስራኤል ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ ኢያሱ ዐሥራ ሁለት ድንጋይ ከወንዙ አስወጥቶ በጌልገላ አቆመ። ይህንም ያደረገው ድንጋዩ ለራሱ ክብር ኖሮት አይደለም፤ ልጆች ባዩት ጊዜ አባቶቻቸውን ጠይቀው የእግዚአብሔርን ሥራ እንዲማሩበት ነው እንጂ። ከዚህም የምንረዳው፥ ምልክት ያለ ጠያቂ፥ ጠያቂም ያለ መላሽ የማይጠቅም መሆኑን ነው። መላሹ ዝም ካለ፥ የቆመው ድንጋይ ድንጋይ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሰላሌ በኩል ወደ ጎጃም የሚሻገረው የተራራ መንገድ እንዲህ ያለ ምልክት የሞላበት ነው። ቀድሞ ተሳላሚው በእግሩ ወይም በበቅሎ ሲጓዝ፥ በየማደሪያው ከባላገሩ አፍ የቦታውን ታሪክ እየሰማ ያልፍ ነበር። ዛሬ ግን መንገዱ በመኪና በጥቂት ሰዓት ስለሚታለፍ ዓይን ያያል እንጂ ጆሮ አይሰማም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መንገዱን ተከትለን ዋና ዋናዎቹን ምልክቶች እንመለከታለን።

መንገዱ ከከተማው ሲወጣ አስቀድሞ የእንጦጦን ተራራ ይሻገራል። ከመንገዱ በስተ ምሥራቅ ባለው ከፍታ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ቅብዓ መንግሥት የተቀቡባት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። ከዚያ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ወርዶ፥ ጫንጮንና ሙከ ጡሪን አልፎ፥ በደብረ ጽጌ በኩል ወደ ደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ይደርሳል፤ ይህም ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ደብረ ሊባኖስን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት መሆናቸውን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። የቦታው የመጀመሪያ ስም ግን ደብረ አስቦ እንደ ነበረና ደብረ ሊባኖስ ብለው የሰየሙት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ መሆናቸውን ብዙ ሰው አያስተውልም። በማዕርግ ከጳጳሱ ቀጥሎ የነበረው እጨጌ የሚሾመው ከዚህ ገዳም ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦርነት ገዳሙ ተቃጥሎ እንደ ገና ተተክሏል። ዛሬ ተሳላሚው የሚያየው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ሲሆን፥ በመስኮቶቹ ያሉትን የመስተዋት ሥዕሎች የሠሩት ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ መነገር የሚገባው ግን በ1929 ዓ.ም. የተደረገው ነገር ነው። የካቲት 12 ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ፥ ገዢው የገዳሙ መነኮሳት የምክሩ ተካፋዮች ናቸው ብሎ እንዲገደሉ አዘዘ። የጦር አለቃው ማሌቲ የመረጠው ጊዜ ግንቦት 12 ነበር። ይህ ቀን የጻድቁ ዐፅም የፈለሰበት በዓል ስለ ሆነ ከየአገሩ ብዙ ሕዝብ ይሰበሰባል። መነኮሳቱና ለበዓል የመጡት ሰዎች ተይዘው፥ በካሚዮን ተጭነው፥ ከገዳሙ ራቅ ብሎ ወዳለው ለጋ ወልዴ ወደሚባል ስፍራ ተወሰዱና በጥይት ተገደሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ተለይተው የተያዙት ዲያቆናት በደብረ ብርሃን አጠገብ እንጌጫ በተባለ ቦታ ተገደሉ።

በጣልያኖቹ ጽሕፈት የተመዘገበው ቁጥር 297 መነኮሳት፥ 23 ሌሎች ሰዎችና 129 ዲያቆናት፥ ድምሩ 449 ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ሽማግሎችን ጠይቀው ቦታውን የመረመሩ የታሪክ ሰዎች ግን የሞቱት ከአንድ ሺህ እንደሚበልጡ ጽፈዋል። እንግዲህ ቁጥራቸውን የነገረን ገዳያቸው ሆነ፤ ስማቸውን ግን አልጻፈልንም። ስም መጻፍ የገዳይ ሥራ አይደለምና፤ የወገን ሥራ ነው።

ከገዳሙ መገንጠያ አጠገብ በገደሉ አፋፍ በድንጋይ የተገነባ ጥንታዊ ድልድይ አለ። ሕዝቡ የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል። ነገር ግን ሊቃውንት እንደ መረመሩት የሠሩት ፖርቱጋሎች አይደሉም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ የሰላሌ ገዢ የነበሩት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ራስ ዳርጌ ያሠሩት ነው። ይህም የሚያስተምረን ነገር አለ። ታሪክ በጊዜው ካልተጻፈ፥ የአባቶች ሥራ መቶ ዓመት ሳይሞላው ለባዕድ ይሰጣል።

ከዚያ ቀጥሎ የምትገኘው ፍቼ ናት። ሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስ የተወለዱት በዚህ አገር ነው። በ1928 ዓ.ም. ክረምት ከአርበኞቹ ጋራ መክረው ወደ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ተያዙ። አርበኞቹን እንዲያወግዙ ቢጠየቁ እምቢ ስላሉ ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ ተገደሉ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ደግሞ የራስ ካሳ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን በሰላም እንዲገቡ ተስፋ ከተሰጣቸው በኋላ በፍቼ ተገደሉ። በአዲስ አበባ የቆመውን የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት አይቶ መንገዱን የሚጀምር ሰው፥ ፍቼ ሲደርስ የትውልድ አገራቸውን መርገጡን ማወቅ ይገባዋል።

መንገዱ በመጨረሻ ጎሐ ጽዮን ይደርሳል። ጎሕ በግእዝ ንጋት ማለት ስለ ሆነ ትርጓሜው የጽዮን ንጋት ነው። ከዚህ ጀምሮ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፥ አበው ግዮን የሚሉትን ዓባይን ተሻግሮ፥ እስከ ደጀን እንደ ገና ሽቅብ ይወጣል፤ ርቀቱም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀድሞ ሰው በዋናና በታንኳ ይሻገር ነበር፤ በክረምት ሙላት ጊዜም ወንዙ እስኪጎድል መጠበቅ ግድ ነበር። አሁን ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው 303 ሜትር የሚረዝም ድልድይ ቆሟል።

ምእመናን ሆይ፥ ካሚዮንን የተሸከመ መንገድ ተሳላሚንም ይሸከማል። መንገድ በራሱ ክፉም ደግም አይደለም፤ የሚሄድበትን ሰው ይመስላል። ነገር ግን ከ1929 ዓ.ም. ወዲህ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗል፤ በዓይናቸው ያዩት አርፈዋል፤ የቀሩት ከወላጆቻቸው የሰሙ ልጆች ናቸው፤ እነርሱም አርጅተዋል። ስለዚህ በሰላሌና በሸዋ አጥቢያዎች የምታገለግሉ ካህናት፥ የንስሐ ልጆቻችሁን ቤት ስትጎበኙ፥ ከዚህ ቤት ለግንቦት ተክለ ሃይማኖት ሄዶ ያልተመለሰ ሰው ነበርን ብላችሁ ጠይቁ። ስሙን፥ የክርስትና ስሙን፥ የመጣበትን አገር ጽፋችሁ በዕቃ ቤት መዝገብ አኑሩ። ምእመናንም በመንገዱ ስታልፉ ለልጆቻችሁ ንገሩ። ልጅ ይህ ምንድር ነው ብሎ በጠየቀ ጊዜ፥ መላሽ እንዳይታጣ።