ጥያቄውን ከነመልሱ የበላው ፍለጋ

በዚህ ዓምድ የምንመለከተው በኮምፒዩተር የጽሑፍ ማረሚያ ውስጥ በንድፍ ስለ መፈለግ፣ ማለትም ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ስለሚባለው ዘዴ ነው። ኬን ቶምሰን የፍለጋውን ስልት እ.ኤ.አ. በ1968 በጽሑፍ ካወጣ ወዲህ በብዙ ማረሚያዎች ገብቷል። ለማሽኑ የምንሰጠው ቃሉን ራሱን ሳይሆን የቃሉን መልክ ነው። ነጥብ ( . ) ማንኛውንም አንድ ፊደል ትወክላለች። ኮከብ ( * ) ደግሞ ከእሷ ቀድሞ የተጻፈው የፈለገውን ያህል ይደጋገም፣ ባይኖርም ግድ የለም ትላለች።

ወደ ደረሰብን ነገር እንግባ። የጂኦግራፊ ፈተና ስናዘጋጅ መልሶቹን በቅንፍ ጽፈን ነበር። አንዱ መስመር ይኸውላችሁ፦

የዓባይ መነሻ የት ነው? (ሰከላ) የአዋሽ መድረሻስ? (አቤ ሐይቅ)

ለተማሪ ሲታደል መልሱ መውጣት አለበት። ቪም በተባለው ማረሚያ (.*) ብለን ፈለግንና የተገኘውን ሁሉ በባዶ ተካን። የቀረው «የዓባይ መነሻ የት ነው?» ብቻ! አዋሽ ከነጥያቄው ድራሹ ጠፋ። እኛ ደግሞ ሳናነበው አባዛነው። «ሁለተኛው ጥያቄ የታለ?» ያሉን ተማሪዎቹ ናቸው።

ምን ሆነ? ፍለጋው ከግራ የመጀመሪያውን መክፈቻ ቅንፍ ይይዛል። ኮከቧ ግን ሆዳም ናት፤ መጀመሪያ ያገኘችው መዝጊያ ላይ አትቆምም። እስከ መስመሩ ዳር ትሄድና መዝጊያ ቅንፍ እስክታገኝ ወደ ኋላ ትመለሳለች። የምታገኘው ታዲያ የመጨረሻውን ነው። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ «ቅንፍ፣ በመሐል ምንም ይሁን፣ ቅንፍ» ያልነው እኛ ነን።

ትክክለኛው ([^)]*) ነው። ማዕዘናዊ ቅንፍ «ከውስጤ አንዱን ፊደል ምረጥ» ማለት ሲሆን፣ ^ ሲቀድምበት «ከእነዚህ በስተቀር» ይሆናል። ስለዚህ ኮከቧ መዝጊያውን መዝለል አትችልም። በቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የምትሠሩ ግን ተጠንቀቁ! እዚያ ተራው ቅንፍ የማቧደኛ ምልክት ስለሆነ (.*) መስመሩን ሙሉ ይጠርጋል፤ \([^)]*\) ተብሎ ነው የሚጻፈው።

ሌላው የራሳችን ፊደል ጣጣ ነው። ስም መዝገብ ውስጥ ፀሐይን ፈልጎ ያጣ መምህር «አልተመዘገበችም» ይላል፤ ልጅቷ እኮ «ጸሀይ» ተብላ ተጽፋ ይሆናል። [ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ ብንል 12ቱንም አጻጻፍ ያገኛል።

መልመጃ፦ «ዓለምፀሐይ» የሚለው ስም በስንት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል? አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓን አትርሱ። ንድፉን ከዚህ ወረቀት ግርጌ ጻፉልን።