ከሞላ ወደ ዘይት፦ ያረጀ የመጋዘን ድልድይ እንዴት ወደ ሃይድሮሊክ ይለወጣል?

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ከሲያትል መሐል ከተማ በስተደቡብ የሚገኘው ሶዶ የመጋዘኖችና የወደብ ጭነት ሰፈር ነው። ስሙ ቀድሞ “ከዶሙ በስተደቡብ” ማለት ነበር። ዶም የተባለው የኪንግዶም ስታዲየም እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2000 ከፈረሰ ወዲህ ግን “ከመሐል ከተማ በስተደቡብ” ተብሎ ይፈታል። ከወደቡ ኮንቴይነር ከሚያመላልሱት አሽከርካሪዎች መካከል በርካታ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች ይገኛሉ። የዛሬው ትምህርታችን በእነዚህ መጋዘኖች ደጃፍ ስለሚገኝና ብዙም ስለማይስተዋል አንድ መሣሪያ ነው።

የመጋዘን ወለል ከፍታ ብዙውን ጊዜ 120 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የካሚዮን ወለል ግን ከመኪና መኪና ይለያያል፤ ጭነት ሲጨመርበት ዝቅ፣ ሲራገፍለት ከፍ ይላል። ይህን ልዩነት የሚያስታርቀው “ዶክ ሌቨለር” የሚባለው ተንቀሳቃሽ የብረት ድልድይ ነው። ጫፉ ላይ “ከንፈር” የሚባል ተጣጣፊ ብረት አለው፤ ፎርክሊፍቱ የሚሻገረው በዚህ ላይ ነው።

የቀድሞው ዓይነት በሞላ ይሠራል። ሠራተኛው ሰንሰለት ሲስብ ማገጃው ይለቀቅና የተለጠጡት ሞላዎች ድልድዩን ወደ ላይ ያነሡታል። ከዚያም ሠራተኛው በላዩ ተራምዶ በክብደቱ ወደ ካሚዮኑ ያወርደዋል። ሞላው እየላላ፣ ማገጃው እየተበላ ሲሄድ ግን ሰንሰለቱ ወገብ የሚጎዳ ጉልበት ይጠይቃል።

የሃይድሮሊክ ዘዴ መሠረቱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ያብራራው ሕግ ነው፦ በታሸገ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በ1795 በዚሁ መርሕ ለሚሠራ መጭመቂያ የፈጠራ መብት አግኝቷል። ለምሳሌ ውስጣዊ ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሲሊንደር ውስጥ ዘይት በ100 ባር ግፊት ቢገባ፣ 2 ሺህ ኪሎ ግራም ያህል ሊያነሣ ይችላል። ለሠራተኛው የሚቀረው አዝራር መጫን ብቻ ነው።

ለውጡ የሚጀመረው በምርመራ ነው። ማጠፊያዎቹ፣ ብየዳዎቹና ድልድዩ የተተከለበት የጉድጓዱ ክፈፍ ስንጥቅና ዝገት እንዳለባቸው ይታያል። ሶዶ ላይ ይህ በተለይ ያስፈልጋል፤ ሰፈሩ የተሠራው በአፈር በተሞላ የባሕር ዳርቻ ረግረግ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2001 በደረሰው የኒስኳሊ ርእደ መሬት ጊዜ በአካባቢው አንዳንድ ቦታ አፈሩ እንደ ፈሳሽ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ክፈፉ አለመዝመሙ መለካት አለበት።

ቀጥሎ ድልድዩ ከፍ ተደርጎ በጥገና ድጋፍ ብረት ይቆማል። ሞላው የሚላላው በዚህ ሁኔታ ሆኖ ቀስ በቀስ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ተለጥጦ በ4 ሺህ ኒውተን የሚስብ ሞላ 600 ጁል ያህል ኃይል ያምቃል፤ ይህም 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ነው። ሳይላላ ቢፈታ ሰው ይገድላል። ሞላውም ማገጃውም መውጣት አለባቸው፤ አለዚያ ድልድዩ ከካሚዮኑ ጋር ዝቅና ከፍ ሊል አይችልም።

ከዚያ የሲሊንደሩ መያዣዎች በብቁ በያጅ ይበየዳሉ፤ ሞተሩ፣ ፓምፑና የዘይት ታንኩ ይተከላሉ፤ የኤሌክትሪኩን መስመር ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይዘረጋል። በዘይቱ ውስጥ የቀረው አየር ከወጣ በኋላ ድልድዩ ያለ ጭነት ደጋግሞ ይፈተናል።

አንድ ክፍል ፈጽሞ አይዘነጋም፦ የፍሰት መዝጊያ ቫልቭ። ፎርክሊፍት በላዩ ሳለ ካሚዮኑ ቢነሣ፣ ዘይቱ በድንገት ሲፈስ ቫልቩ ይዘጋና ድልድዩን ባለበት ያቆመዋል። በሞላው ዓይነት ይህን ሥራ የሚሠሩት የደኅንነት እግሮች ነበሩ።

በመጨረሻም አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ሃይድሮሊክ የድልድዩን የመሸከም ዐቅም አይጨምርም። ሲሊንደሩ የሚያነሣው ድልድዩን ራሱን ነው፤ የፎርክሊፍቱን ክብደት የሚሸከሙት ግን ብረቱ፣ የኋላ ማጠፊያውና ከንፈሩ ያረፈበት የካሚዮን ወለል ናቸው። ስለዚህ አጥንቱ ጤነኛ የሆነ አሮጌ ድልድይ በዚህ መንገድ ዕድሜው ይረዝማል፤ ብረቱ የተሰነጠቀ ግን በአዲስ መተካት አለበት።