ወደ ምዕራብ ጎጃም ከመነሣትዎ በፊት

መጀመሪያ መንገዱን ይጠይቁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ፣ ከደብረ ማርቆስ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አስፋልት ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ያለፈው ሳምንት ወሬ አይበቃም። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላለ ዘመድ በመነሻዎ ዕለት ማለዳ ይደውሉ፤ «ዛሬ ይቅርብዎ» ካለዎት ይቅርብዎ። ከውጭ የሚመጡ ከሆነ ደግሞ የጉዞ ዋስትና ውልዎን ያንብቡ፤ መንግሥትዎ «አትሂዱ» ያለበት አካባቢ ለሚደርስ ጉዳት ብዙ ዋስትና ሰጪዎች አይከፍሉም። መታወቂያና ጥሬ ገንዘብ አይለይዎ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብርም አይረዳዎትም። ኬላ ላይ ካሜራ አያውጡ።

መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ምን ሊያዩ ነው የሚሄዱት? ሎጅና አስጎብኚ የለመደ ሰው እዚህ ይቸገራል። ይህ የገበሬ አገር ነው፤ ደስታውም ጤፉን፣ በቆሎውንና በሬ ጠምዶ የሚያርሰውን እያዩ ቀስ ብሎ መጓዝ ነው።

አብዛኛውን እንግዳ የሚስበው የዓባይ መነሻ የሆነው ግሽ ዓባይ ነው። ቲሊሊ ላይ ከአስፋልቱ ተገንጥለው ወደ ሰከላ ይወጣሉ። ጢስ ዓባይን የመሰለ ፏፏቴ ጠብቀው የሚሄዱ ያዝናሉ፤ የሚያገኙት በረግረግ መስክ ዳር ያለች ትንሽ ምንጭ፣ ጀሪካን ይዞ ተራ የሚጠብቅ ምእመንና ቤተ ክርስቲያን ነው። ጻድቁ አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ ሳይረጥቡ ተቀበሉ ይባላል። ስፔናዊው ጴድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ምንጩን አይቶ ጽፏል፤ በ1770 የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ግን የመጀመሪያው ነኝ ባይ ነበር። የሰከላ ሰው በዚህ ክርክር የለበትም። ለእሱ ቦታው ጸበል ነው፤ ስለዚህ እህል የቀመሰ ሰው ወደ ምንጩ አይገባም፣ ጫማም ይወልቃል። ቡሬ ላይ ፍርፍር በልተው ከወጡ ከሩቅ አይተው ይመለሳሉ። ሾፌርዎን ከዋዜማው ያስጠንቅቁት፤ ቁርስ ቤት ማቆም ይወዳል።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ያለችውን ማንኩሳን ዝም ብሎ ባያልፋት ጥሩ ነው፤ የሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህ የዚያ ልጅ ነው። ቡሬም ታሪክ አላት፦ በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት ጦርና አርበኞች ጣሊያንን ካስለቀቋቸው ምሽጎች አንዱ እዚያ ነበር፤ ጃንሆይም ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት በዚሁ በጎጃም በኩል ነው።

ወሩንም ያስቡበት። በክረምት የገጠሩ መንገድ ጭቃ ነው። መስከረምና ጥቅምት አገሩ አረንጓዴ ነው፤ ከመኸር በኋላ ደግሞ የቡሬ በርበሬ ተሰጥቶ ሲደርቅ ያያሉ፣ ሽታውም መኪና ውስጥ ድረስ ይገባል። ጥር 23 ላይ ከደረሱ ጉዞዎን ትንሽ ወደ አዊ ያራዝሙና ኮሶበር ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ይዩ፤ በመንገድዎ ዘንገና ሐይቅ አለ። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አይፈልጉ።

ሰው ቤት ከገቡ ጠላ፣ አንዳንዴም የደምበጫ አረቄ ይቀርባል። መኪና የሚነዱ ከሆነ ሳይቀዳልዎ ይናገሩ፤ አንዴ ከተቀዳ በኋላ «በሞቴ» የሚሉ እናትን እምቢ ማለት አይቻልም።