የሰሊሆም ግንብና የናጋሳኪ ደወል
ስለ ኑክሊየር አደጋና ስለ ዘላቂ ጉዳቱ ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ትምህርት

መግቢያ

ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ ምዕራፍ 13 መጀመሪያ ላይ ሁለት የመከራ ዜናዎችን ጎን ለጎን አቅርቦልናል። አንደኛው መሥዋዕት ሲያቀርቡ ጲላጦስ ያስገደላቸው የገሊላ ሰዎች ዜና ነው፤ ሁለተኛው የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው የ18 ሰዎች ዜና ነው። የመጀመሪያው ሰው ሆን ብሎ በሰው ላይ የፈጸመው ግፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሰው እጅ የሠራው ሕንፃ በሰው ላይ የወደቀበት አደጋ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች፣ እኛም ዛሬ እንደምንለው፣ “ምን ቢበድሉ ነው?” ሳይሉ አልቀሩም። ጌታችን ግን ሟቾቹ ከሌላው ሰው ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ አስረግጦ ከነገራቸው በኋላ፣ ነገሩን ወደ ሰሚዎቹ መልሶ ለንስሓ ጠራቸው።

የሰው ልጅ የአቶምን ኃይል ለመፍታት ከበቃ ወዲህ እነዚህ ሁለት ዓይነት መከራዎች በታላቅ መጠን ተደግመዋል። በሂሮሺማና በናጋሳኪ የወረደው የጲላጦስ ሰይፍ ነው፤ በቼርኖቢልና በፉኩሺማ የወደቀው የሰሊሆም ግንብ ነው። በዚህ ትምህርት ሁለት ነገሮችን እንመረምራለን። የኑክሊየር አደጋ በሥጋ፣ በትዳር፣ በአገርና በባህል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ለምን ረጅም ዘመን ይኖራል? ክርስቲያንስ ስለ እንዲህ ያለው መከራ ምን ሊናገር፣ ምንስ ከመናገር ሊቈጠብ ይገባዋል? በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1. በስደት የጸናች ኡራካሚ

ኡራካሚ በናጋሳኪ ከተማ ሰሜናዊ ክፍል የምትገኝ ሸለቆ ናት። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሳቬሪዮ በ1549 ወንጌልን ወደ ጃፓን ካደረሰ በኋላ የናጋሳኪ አካባቢ የክርስቲያኖች ዋና መኖሪያ ሆነ። ስደቱም ብዙ አልዘገየም። በ1597 በዚያች ከተማ ኮረብታ ላይ 26 ሰማዕታት ተሰቀሉ፤ በ1614 ክርስትና በመላ አገሪቱ ተከለከለ። ካህናቱ ተገደሉ፣ ተባረሩም። ሕዝቡም በየዓመቱ እየተጠራ ቅዱሳት ሥዕሎችን በእግሩ እንዲረግጥ ይገደድ ነበር።

የኡራካሚ ገበሬዎች ግን ጥምቀትን፣ ጸሎትንና የበዓላትን አቈጣጠር ከአባት ወደ ልጅ በምስጢር እያስተላለፉ፣ ያለ ካህን 250 ዓመት ያህል በእምነታቸው ቈዩ። በ1865 ጥቂቶቹ በናጋሳኪ አዲስ ወደ ተሠራው የፈረንሳውያን ሚስዮናውያን ቤተ ክርስቲያን መጥተው፣ ልባቸው ከካህኑ ልብ ጋር አንድ መሆኑን ገለጡ፤ የእመቤታችንንም ምስል ለማየት ጠየቁ። ይህ ሲታወቅ አዲስ ስደት ተነሣ። ከ3,000 የሚበልጡ የኡራካሚ ምእመናን ከቤታቸው ተነቅለው ወደ ልዩ ልዩ አውራጃዎች ተጋዙ፤ ከ600 በላይ የሚሆኑት በግዞት ሞቱ። ክልከላው በ1873 ሲነሣ የተመለሱት ድኾች፣ አባቶቻቸው ሥዕል እንዲረግጡ ይገደዱበት በነበረው የመንደር አለቃ ግቢ ላይ በ1895 ቤተ ክርስቲያን መሥራት ጀመሩ። ሕንፃው በ1914 ተባረከ፤ መንታ የደወል ግንቦቹ በ1925 ተፈጸሙ።

2. ነሐሴ 3 ቀን 1937 ዓ.ም.

በዚያ ዕለት ሁለተኛውን አቶም ቦምብ የጫነው የአሜሪካ አውሮፕላን የተላከው ወደ ኮኩራ ከተማ ነበር። ኮኩራ በደመናና በጢስ ተሸፍና ዒላማው ስላልታየ አውሮፕላኑ ወደ ናጋሳኪ አቀና። ናጋሳኪም በደመና ተሸፍና ቈይታ፣ ደመናው በተገለጠበት ቅጽበት ቦምቡ ተጣለ። ከቀኑ 5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ በኡራካሚ ሸለቆ ሰማይ ላይ ፈነዳ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ የሚርቀውም 500 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በእኛ ዘንድ የፍልሰታ ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥም ሁለት ካህናት ለእመቤታችን የፍልሰታ በዓል የሚዘጋጁ ምእመናንን ያናዝዙ ነበር፤ ከመካከላቸው አንድ እንኳ አልተረፈም። ከኡራካሚ 12,000 ያህል ካቶሊካውያን 8,500 ያህሉ አለቁ። በናጋሳኪ በጠቅላላው እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሞቱት ወደ 74,000 ይገመታሉ፤ ከሦስት ቀን በፊት በተመታችው በሂሮሺማ ደግሞ ወደ 140,000 ይገመታሉ።

አንባቢ ሆይ፤ ኮኩራ የዳነችው ጻድቃን ስለ በዙባት፣ ኡራካሚም የጠፋችው ኃጢአተኞች ስለ ሞሉባት አይደለም። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ደመና ነው።

3. ፍንዳታው ካለፈ በኋላ የቀረው ጉዳት

ሌላ ቦምብ የሚገድለውን ገድሎ ያልፋል። የአቶም ቦምብ ግን ከእሳቱና ከነፋሱ ሌላ ለዓይን የማይታይ፣ ሽታም ሆነ ድምፅ የሌለው ጨረር አለው። ቍስል ያልነበረባቸው ሰዎች ከቀናት በኋላ ጠጕራቸው እየረገፈ፣ ከድዳቸው ደም እየፈሰሰ ሞቱ። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የደም ካንሰር በተለይ በሕፃናቱ ላይ በዛ፤ ሌሎች የካንሰር ዓይነቶችም ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርተ ዓመታት ጨመሩ። በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ ጨረሩ ካገኛቸው መካከል የአእምሮ እድገታቸው የተጓደለ ተወለዱ።

ከሥጋው ሕመም ያላነሰው ግን የኅብረተሰቡ ፍርሃት ነበር። ከቦምቡ የተረፉት በጃፓንኛ “ሂባኩሻ” ይባላሉ። ብዙዎቹ ሂባኩሻ መሆናቸው ከታወቀ ሥራ የሚቀጥራቸው፣ ለጋብቻም የሚፈልጋቸው አያገኙም ነበር። የልጃቸው ዕድል እንዳይበላሽ ሲሉ የት እንደ ነበሩ ሳይናገሩ ያረጁ ወላጆች አሉ። ለጋብቻው እንቅፋት የሆነው ደዌው ወደ ልጅ ይወርዳል የሚል ሥጋት ነው፤ ሆኖም ከአደጋው በኋላ የተፀነሱትን የሂባኩሻ ልጆች ለብዙ አሥርተ ዓመታት የተከታተሉት ጥናቶች በዘር የተላለፈ ጉዳት በግልጽ አላገኙም። ጨረሩ ያላደረሰውን ጉዳት የሰው ጥርጣሬ አደረሰው ማለት ነው።

በኡራካሚ ደግሞ ሦስተኛ ቍስል ተጨመረ። ካቶሊካውያን በከተማይቱ ጥቂቶች ስለ ነበሩ፣ ቦምቡ በእነርሱ ሰፈር ላይ መውደቁን የሰማይ ቅጣት አድርገው ያወሩ ነበሩ። ለአገሩ አማልክት ባለመስገዳቸው የመጣባቸው ነው ተባለ። እነዚህን ሐዘንተኞች ማን ያጽናናቸው?

4. መሥዋዕት ወይስ ቅጣት?

ሊያጽናናቸው የተነሣው ዶክተር ታካሺ ናጋይ ነው። ናጋይ በናጋሳኪ የሕክምና ኮሌጅ የራጅ ሐኪም ሲሆን፣ በ1934 ተጠምቆ ካቶሊካዊ ሆነ። በራጅ ሥራው ብዛት የደም ካንሰር እንደ ያዘው የተነገረው ቦምቡ ከመውደቁ ሁለት ወር በፊት ነበር። ባለቤቱ ሚዶሪ በቦምቡ ሞተች፤ ከቤታቸው አመድ ውስጥ ዐጥንቷን ከመቍጠሪያዋ ቅሪት ጋር አገኘው። ራሱ ቈስሎ ሳለ ቍስለኞችን ሲያክም ሰነበተ። ኋላም የአልጋ ቍራኛ ሆኖ ከሁለት ልጆቹ ጋር በአንዲት ጠባብ ጎጆ እየኖረ፣ በ1951 እስኪያርፍ ድረስ መጻሕፍትን ጻፈ። ለጎጆዋም ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድን ከሚያዝዘው የጌታችን ቃል የተወሰደ ስም አወጣላት።

ኖቬምበር 23 ቀን 1945 በፈረሰው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ለሟቾች ቅዳሴ ሲቀደስ ናጋይ ንግግር አደረገ። የኡራካሚ ሙታን የተቀጡ ሳይሆኑ፣ ጦርነቱ እንዲያበቃ እንደ ንጹሕ በግ በመሠዊያ ላይ የቀረቡ መሥዋዕት ናቸው አለ። ቤተሰባቸው አልቆ “የተረገማችሁ” ለተባሉ ሰዎች ይህ ቃል ታላቅ መጽናኛ ሆነ፤ ሙታናቸውን በክብር እንዲያለቅሱ አስቻላቸው።

ይሁን እንጂ ይህ ንግግር ከጊዜ በኋላ ክርክር አስነሥቷል። ጥፋቱ የእግዚአብሔር መግቦት ከሆነ፣ ጦርነቱን የጀመሩትና ቦምቡን የጣሉት ሰዎች ተጠያቂነት የት ይገባል? ምእመናንስ ዝም ብለው ከመቀበል በቀር ምን ይቀራቸዋል? ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በፌብሩዋሪ 1981 ሂሮሺማንና ናጋሳኪን በጎበኙ ጊዜ፣ ጦርነት የሰው ሥራ መሆኑን በግልጽ ተናገሩ። ይህን ከሰሙት የናጋሳኪ ሂባኩሻ ምእመናን መካከል ለብዙ ዓመታት የያዙትን ዝምታ ትተው ያዩትን ለመመስከር የተነሡ ነበሩ።

እኛ ሁለቱን ነገሮች ለይተን መያዝ ይገባናል። የተጎዳ ሰው መከራውን ከክርስቶስ መስቀል ጋር አንድ አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል፤ ይህ የራሱ የነጻ ፈቃዱ ጸሎት ነው። ሌላው ሰው ከውጭ ቆሞ “እግዚአብሔር ያመጣብህ ነው” ቢለው ግን ከጸሎት የሚቈጠር አይደለም፤ በደለኛውን ነጻ የሚያወጣ፣ የተበደለውን ደግሞ ሁለተኛ የሚያቈስል ፍርድ ነው።

5. ግንቡ የወደቀባቸው

ከጦርነት ውጭ በደረሰው አደጋም ይኸው ፈተና ታይቷል። በዩክሬን የቼርኖቢል ኑክሊየር ጣቢያ አራተኛ ሪአክተር የፈነዳው ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ሌሊት ነው። ከዚያ ብዙም የማይርቀው የፕሪፕያት ከተማ ሕዝብ፣ ቍጥሩ 49,000 ያህል ሲሆን፣ በማግሥቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ እየተጫነ ወጣ። ዕለቱ በምሥራቃውያን አቈጣጠር ሆሳዕና ነበር። የሦስት ቀን ጉዞ ነው ተብለው ስለ ነበር ብዙዎቹ የያዙት ጥቂት ነው። ከተማዋ እስከ ዛሬ ሰው አልባ ናት። በዚያው ዓመት ከ115,000 የሚበልጡ፣ በተከታዮቹም ዓመታት ከ200,000 የሚበልጡ ሰዎች ከቀዬአቸው ተነሡ።

የቼርኖቢል ስም በአገሩ ቋንቋ የአንድ መራራ ተክል ስም በመሆኑ፣ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 8 የተጠቀሰው እሬቶ የተባለው ኮከብ ወደቀ ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ነገር ግን የአደጋው ምክንያት በምድር ላይ ነበር። የሪአክተሩ አሠራር ጉድለት ነበረበት፤ በዚያ ሌሊት ሙከራ ሲደረግ የጥንቃቄ ደንቦች ተጥሰዋል፤ ከዚያም ባለ ሥልጣናቱ እውነቱን ደበቁ። ከጣቢያው 100 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በኪየቭ ከተማ ሕፃናት ሳይቀሩ ለሜይ ዴይ ሰልፍ ወጡ። አዮዲን 131 የተባለው ንጥረ ነገር ጉልበቱ በየስምንት ቀኑ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ሕፃናት ለጥቂት ሳምንታት ወተት እንዳይጠጡ በጊዜ ቢነገር ኖሮ ብዙ ጉዳት በቀረ ነበር። በቂ ማስጠንቀቂያ ግን አልተሰጠም፤ በልጅነታቸው ጨረሩ ካገኛቸው መካከል እስከ 2005 ድረስ ከ6,000 በላይ የታይሮይድ ዕጢ ካንሰር ታማሚዎች ተመዝግበዋል። ዕጢው በአንገት ላይ የሚገኝ በመሆኑ የቀዶ ሕክምናው ጠባሳ ለሁሉ ይታያል። ሲዚየም 137 የተባለው ደግሞ በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ይፈጅበታል፤ በጫካው እንጉዳይና በአፈሩ ውስጥ ዛሬም አለ።

ገበሬ ከመሬቱ ሲነቀል አብሮት የሚነቀለው ብዙ ነው። ፖሌስየ በተባለው በዚያ አካባቢ ከጥንት የቈዩ የመከር ዘፈኖች፣ የሽመና ጥበብና የአነጋገር ልማድ ነበሩ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሲበተን አብረው ተበተኑ። ምሁራን ቀድመው ለመሰብሰብ በባዶ መንደሮች ውስጥ ዞረዋል። ሰዎቹ ግን ከሁሉ አስቀድመው የፈለጉት መቃብራቸውን ነው። ከፋሲካ በኋላ ባለው የሙታን መታሰቢያ ቀን ወደ ተከለከለው ቀጣና ለመግባት እየተፈቀደላቸው፣ በወላጆቻቸው መቃብር ላይ ይጸልያሉ፣ ማዕድም ይቈርሳሉ። በ2005 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የተሳተፉበት ጥናት፣ አደጋው ካስከተላቸው የሕዝብ ጤና ችግሮች ትልቁ የአእምሮና የመንፈስ ጭንቀት መሆኑን ገልጿል።

በጃፓን የፉኩሺማ አደጋ በማርች 2011 ሲደርስም፣ ከመሬት መንቀጥቀጡና ከባሕሩ ማዕበል በኋላ ከ150,000 በላይ ሰዎች ተፈናቀሉ። የተፈጥሮ ቍጣ ነው ቢባልም፣ የአገሪቱ ፓርላማ ያቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን በ2012 አደጋው ሊገታ ይችል የነበረ፣ ሰው ሠራሽ መሆኑን ደመደመ።

6. የቤተ ክርስቲያን ድምፅ

ዳግማዊው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ባወጣው “ቤተ ክርስቲያን በዘመናዊው ዓለም” በተባለው ሰነድ በቍጥር 80፣ ከተሞችን ከነነዋሪዎቻቸው ያለ ልዩነት የሚያጠፋ የጦር ሥራ በእግዚአብሔርና በሰው ላይ የሚፈጸም ወንጀል መሆኑን አውጇል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቍጥር 2314 ይህንኑ ያጸናል። ቅድስት መንበር ኑክሊየር መሣሪያን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2017 ከመጀመሪያዎቹ ጋር ፈርማ አጽድቃለች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በኖቬምበር 2019 በሂሮሺማ፣ መሣሪያውን መጠቀም ብቻ ሳይሆን ይዞ ማቈየትም ከግብረ ገብ ውጭ መሆኑን ተናገሩ። በ1956 በናጋሳኪ የተመሠረተው የሂባኩሻዎች ማኅበር ኒሆን ሂዳንክዮ የ2024ን የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብሏል። በአንድ ወቅት መናገር ያፍሩ የነበሩ ሰዎች ለዓለም ምስክሮች ሆኑ።

7. ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

የአቶም ቦምብ ከእኛ ሩቅ ነው ብለን ነገሩን አንለፈው። በየቁምስናችን ሕፃን የሞተባት እናት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ወጣት፣ የሥጋ ደዌ ጠባሳ ያለበት ሽማግሌ አሉ። “ምን ቢበድሉ ነው?” የሚለው ቃል በለቅሶ ቤትም፣ በጠበል ሜዳም ይሰማል። ስለዚህ በምናስተምርበት ጊዜ ሦስት ነገሮችን እናስታውስ።

ሀ. ምክንያቱን መርምረን እውነቱን እንናገር። ቸልታና ሐሰት ባለበት ስፍራ የእግዚአብሔርን ስም መሸፈኛ ማድረግ ስሙን በከንቱ መጥራት ነው።
ለ. በፍርሃት ምክንያት ማንንም ከጋብቻ፣ ከማኅበርና ከማዕድ አንለይ።
ሐ. የሐዘንተኛውን ልቅሶና ትዝታ እንጠብቅለት። መቃብሩንና ዜማውን ማክበር የፍቅር ሥራ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

– ሉቃስ 13፡1-5ን እና ዮሐንስ 9፡1-3ን አንብቡ። ጌታችን የጠያቂዎቹን አሳብ ወዴት መለሰው?
– መከራን በፈቃድ ለእግዚአብሔር በማቅረብና በሌላው መከራ ላይ በመፍረድ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
– በአካባቢያችን በሕመሙ ወይም በደረሰበት አደጋ ምክንያት የተገለለ ማን አለ? ቁምስናችን ምን ልታደርግለት ትችላለች?

መደምደሚያ

የኡራካሚ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ደወሎች ነበሩት። አንዱ በቦምቡ ተሰባበረ፤ ሌላው ከፍርስራሹ ሥር ደኅና ሆኖ ተገኝቶ በ1945 የልደት በዓል ዋዜማ ተደወለ። ቤተ ክርስቲያኑ በ1959 እንደገና ቢሠራም፣ የሁለተኛው ደወል ቦታ ባዶውን ቀርቶ ነበር። አያታቸው ቦምቡ በተሠራበት የምርምር ሥራ ውስጥ ሐኪም የነበሩ አንድ አሜሪካዊ ምሁር ከአገራቸው ካቶሊካውያን ገንዘብ አሰባስበው አዲስ ደወል አሠሩ። በኦገስት 9 ቀን 2025፣ ልክ በ80ኛው ዓመት፣ በዚያችው ሰዓትና ደቂቃ ሁለቱ ደወሎች በአንድነት ተሰሙ። ጌታችን የሰሊሆምን ግንብ ጠቅሶ ለሰሚዎቹ ያቀረበው የንስሓ ጥሪ ሥራ ላይ ሲውል እንዲህ ይመስላል። የበደለው ወገን ልጅ ልጅ የፈረሰውን ሊጠግን ይመጣል፤ የተበደለውም ወገን በሩን ይከፍትለታል።