ለቤት መብራትና ለትንሽ ጀልባ የሚሆን ባትሪ አመራረጥ

በየገጠሩ በፀሐይ ብርሃን ኀይል ቤቱን የሚያበራ፣ ሬዲዮኑንና ስልኩን የሚያሠራ ገበሬ እየበዛ ሄዷል። በሐይቅ ዳር የሚኖር ዓሣ አጥማጅም ሌሊት በጀልባው ላይ መብራት ይዞ ለመውጣት ይፈልጋል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ቀን የተገኘውን ኀይል ተቀብሎ ለማታ የሚያኖረው ባትሪ በሚገባ ካልተመረጠ ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ይሆናል።

አንድ የማውቀው ገበሬ ሁለት ሙክት ሸጦ በመስከረም ወር አዲስ የመኪና ባትሪ ገዛ። ሐሳቡ የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቀው ልጁ ማታ ማታ እንዲያጠና ነበር። ባትሪው በመጀመሪያው ወር እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ አበራ። ኅዳር ሲገባ ከራት በኋላ ብዙም አይቆይም ነበር፤ ጥር ሳይወጣ ግን ገና እንጀራው ሳይቀርብ ይጠፋ ጀመር። ልጁም ወደ ኩራዙ ተመለሰ። ባትሪው ሲገዛ ብልሽት አልነበረበትም። ስሕተቱ ለአንድ ሥራ የተሠራውን ዕቃ ለሌላ ሥራ ማዋል ነበር። እናንተም በዚህ ዐይነት ገንዘባችሁን እንዳታጡ የሚከተለውን በጥሞና አንብቡ።

1ኛ፤ ስለ ሁለቱ የባትሪ ዐይነቶች

ደጋግሞ የሚሞላ የእርሳስ ባትሪ በመጀመሪያ የተሠራው በ1859 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጋስቶን ፕላንቴ በሚባል ፈረንሳዊ ነው። ዛሬም አሠራሩ በመሠረቱ ያው ነው፤ ይኸውም የእርሳስ ሰሌዳዎች በአሲድ ውስጥ ተነክረው ኀይል ይቀበላሉ፤ መልሰውም ይሰጣሉ። ልዩነቱ ያለው በሰሌዳዎቹ ውፍረት ላይ ነው።

የመኪና ባትሪ ሰሌዳዎቹ ስስና ብዙ ናቸው። ሥራው ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሴኮንድ ብዙ ኀይል መስጠት ነው፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ወዲያው ይሞላል። ዲፕ ሳይክል የሚባለው ባትሪ ግን ሰሌዳዎቹ ወፍራም ስለ ሆኑ ለብዙ ሰዓት ጥቂት በጥቂት ኀይል እየሰጠ፣ በማግስቱ ተመልሶ እየተሞላ ለመኖር ይችላል።

የመኪናው ባትሪ እንደ ፈረስ ነው፤ ለአጭር ግልቢያ ብርቱ ነው። ዲፕ ሳይክሉ እንደ በሬ ነው፤ ቀስ ብሎ ቀኑን ሙሉ ያርሳል። ፈረስን ቀንበር ጭኖ በየቀኑ ቢያርሱበት ይሞታል። እንደዚሁም የመኪና ባትሪ በየሌሊቱ እስኪያልቅ ድረስ ቢሠራበት ስስ ሰሌዳዎቹ ይፈራርሱና በጥቂት ወራት ውስጥ ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

2ኛ፤ ከዲፕ ሳይክል የትኛው ይሻላል?

ሀ) ውሃ የሚጨመርበት፦ ክዳኖቹ ይከፈታሉ። ብዙውን ጊዜ ዋጋው ከሌሎቹ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በየወሩ ውሃውን መመልከት ያስፈልጋል። ሲሞላ በእሳት የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ አየር በሚገባበት ቦታ ይቀመጣል።

ለ) የታሸገ፦ ውሃ አይጨመርበትም፤ ቢያዘነብልም አሲዱ አይፈስስም። ከመጠን በላይ ሲሞላ ግን ቶሎ ይበላሻል።

ሐ) ሊትየም ብረት ፎስፌት የሚባለው፦ ክብደቱ ከእርሳሱ ባትሪ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ዕድሜውም እጅግ ይረዝማል፤ ሲገዛ ግን ውድ ነው። ለሊትየም የተስተካከለ የኀይል መቆጣጠሪያ ይፈልጋል። ውርጭ በሚወርድበት ደጋ ደግሞ ባትሪው ራሱ ከ0 ዲግሪ በታች በቀዘቀዘ ጊዜ ሊሞላ አይገባውም።

3ኛ፤ መጠኑን ስለ ማወቅ

የባትሪ መጠን የሚለካው በአምፔር ሰዓት ነው። 100 አምፔር ሰዓት የተባለ ባትሪ በ20 ሰዓት ልክ ከተለካ 5 አምፔር ለ20 ሰዓት ይሰጣል ማለት ነው። ያው ባትሪ በ100 ሰዓት ልክ ቢለካ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ሁለት ባትሪዎችን ስታወዳድሩ ሁለቱም በአንድ ልክ የተለኩ መሆናቸውን አረጋግጡ።

አሁን የአንድ ቤት ፍላጎት እናስላ።

3 አምፖሎች፣ እያንዳንዳቸው 5 ዋት፣ ለ4 ሰዓት፦ 60 ዋት ሰዓት
1 ሬዲዮ፣ 5 ዋት፣ ለ3 ሰዓት፦ 15 ዋት ሰዓት
2 ስልኮች ለመሙላት፦ 15 ዋት ሰዓት
ድምር ለአንድ ቀን፦ 90 ዋት ሰዓት

ይህን ለ12 ቮልት ብናካፍለው 7.5 አምፔር ሰዓት ይሆናል። በክረምት ፀሐይ ሳትታይ ሁለትና ሦስት ቀን ልትቆይ ስለምትችል ለ3 ቀን የሚበቃ እንያዝ፤ 22.5 አምፔር ሰዓት ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የእርሳስ ባትሪን እስከ መጨረሻው መጠቀም አይገባም። ብልህ ገበሬ ቢርበውም ለዘር ያስቀመጠውን እህል እንደማይነካ ሁሉ የባትሪውም ግማሽ እንደ ዘር ተቈጥሮ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ 22.5ን በ2 እናባዛለን፤ 45 ይሆናል። ለዚህ ቤት 50 አምፔር ሰዓት ያለው ዲፕ ሳይክል ይበቃዋል። ሊትየም ከሆነ እስከ 80 በመቶው ድረስ መጠቀም ስለሚቻል 30 አምፔር ሰዓት ይበቃል።

ሰሌዳውም ከባትሪው ጋር መመጣጠን አለበት። ባለ 50 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ በቀን የ4 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 200 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ሲሶው በመንገድ ቢባክን እንኳ 133 ይቀራል። ከዚህ 90ው ለዕለቱ ፍጆታ ሲውል የተረፈው በደመና ቀን የጎደለውን ይሞላል።

4ኛ፤ በገበያ ላይ ስለሚደረግ ምርመራ

1. በባትሪው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ሲሲኤ የሚል ጽሑፍ ብቻ ጎልቶ ከታየና አምፔር ሰዓት ካልተጻፈ ባትሪው ለሞተር ማስነሻ የተሠራ ነው።
2. አንሥታችሁ ክብደቱን መዝኑ። ወፍራም ሰሌዳ ከባድ ነው፤ አንድ ዐይነት ቁጥር ከተጻፈባቸው ሁለት የእርሳስ ባትሪዎች አንዱ እጅግ ከቀለለ ጠርጥሩ።
3. የተሠራበትን ቀን ጠይቁ። ባትሪ በመደርደሪያ ላይ ሳይሞላ ብዙ ወራት ከቆየ ሳይሠራበት ይጎዳል።
4. በቴስተር አስለኩ። ሥራ ፈትቶ የቆየ ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ያሳያል፤ 12.2 ገደማ ሲሆን ግማሽ ነው። ከ12.4 በታች የሚያሳየውን ሌላ ካለ ተዉት።
5. አሮጌ ባትሪ ከአዲስ ጋር አታጣምሩ። ደካማ በሬ ብርቱውን እንደሚጎትት አሮጌው አዲሱን ያደክመዋል።

5ኛ፤ ለጀልባ ሲሆን

ጀልባ ስለሚወዛወዝ ለጀልባ የታሸገውን ዐይነት ምረጡ። ባትሪውን ክዳን ባለው ሣጥን አድርጋችሁ በጀልባው ወለል መካከል በጠፍር እሰሩት፤ ከነዳጁም አርቁት። የጀልባው ሞተር በባትሪ የሚነሣ ከሆነ ለሞተሩ አንድ፣ ለመብራቱ ሌላ ባትሪ ይኑር። መብራቱ የሞተሩን ባትሪ ከጨረሰው አጥማጁ በሐይቁ መካከል ማዕበል ሲነሣበት ሞተሩን ማስነሣት ያቅተዋል። ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው።

6ኛ፤ ስለ አያያዝ

ባትሪው ከፀሐይ ሰሌዳው ጋር በቀጥታ ሳይሆን በኀይል መቆጣጠሪያ በኩል ይያያዝ። መቆጣጠሪያው ከመጠን በላይ እንዳይሞላ፣ ከመጠን በታችም እንዳይወርድ ይጠብቀዋል። ስታያይዙ በመጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ሰሌዳውን ከመቆጣጠሪያው ጋር አያይዙ፤ ስትፈቱ ደግሞ ሰሌዳውን አስቀድሙ። በባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይደረግ።

ኀይሉ ያነሰበትን ባትሪ ሳትሞሉ አታሳድሩ፤ ባዶውን ሲቆይ ሰሌዳዎቹ ላይ ጠጣር ነገር ይጋገርና ኋላ መሙላት ያቅታል። ጥላና ነፋሻ ቦታ አስቀምጡት፤ ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥራል። ውሃ የሚጨመርበት ከሆነ ለባትሪ ተጣርቶ የሚሸጠውን ብቻ ጨምሩ፤ የወንዝና የጉድጓድ ውሃ ሰሌዳውን ያበላሻል። በአጠገቡ ክብሪት አትጫሩ፤ ልጆችንም አርቁ። አሲድ ሰውነት ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ ዐይን ከነካ እየታጠበ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ያረጀውን ባትሪ በቤት ሰብራችሁ እርሳሱን አታቅልጡ። ጢሱና ትቢያው መርዝ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ሕፃናትን ይጎዳል። እንደ ተዘጋ አሮጌ ባትሪ ለሚሰበስቡ ነጋዴዎች ሽጡት።

ለልማት ሠራተኞች፦ ገበሬው ወደ ገበያ ከመውረዱ በፊት አብራችሁ ተቀምጡና ከላይ የተመለከተውን ስሌት በራሱ ቤት ፍላጎት አስሉለት። ውጤቱን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፤ ነጋዴው ሲጠይቀው «ባትሪ ስጠኝ» ሳይሆን «50 አምፔር ሰዓት ዲፕ ሳይክል ስጠኝ» እንዲል አስተምሩት። ያ ገበሬ ሁለት ሙክቶቹን ከመሸጡ በፊት ይህን የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ኖሮ የልጁ መብራት እስከ ፈተናው ድረስ በበራ ነበር።