ሥራ አጥ የሚባለው ማን ነው?

«ሥራ አለህ?» ተብሎ ለሚጠየቅ ሰው መልሱ ቀላል ይመስላል። ያለው «አለኝ»፣ የሌለው «የለኝም» ይላል። ሥራ አጦች በአገር ደረጃ ሲቆጠሩ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩን በሬዲዮ ሰምተን ከመደሰታችን ወይም ከማዘናችን በፊት አቆጣጠሩን እንወቅ። ጉዳዩ እኛንም ይነካናል፤ ትምህርታችንን ጨርሰን ሥራ ለመጠየቅ የምንሰለፍበት ቀን ሩቅ አይደለም።

በጥቅምት 1975 ዓ.ም. የስታትስቲክስ ባለሙያዎች በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጥሪ ጄኔቭ ላይ ተሰብስበው አንድ የአቆጣጠር ደንብ አወጡ። በደንቡ መሠረት ሥራ አጥ የሚባለው፦
1. ሥራ የሌለው፣
2. ሥራ ቢያገኝ ለመሥራት ዝግጁ የሆነ፣
3. ሥራ በመፈለግ ላይ ያለ ሰው ነው።

በሳምንቱ ውስጥ 1 ሰዓት እንኳ ሠርቶ ገንዘብ ያገኘ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። እንግዲህ ሳምንቱን ሙሉ ቆሞ ውሎ አንድ ቀን ብቻ ጭነት ያወረደ የቀን ሠራተኛ ሥራ አጥ አይባልም ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። በአንድ ሰፈር 100 ሰዎች አሉ እንበል። 60ዎቹ ይሠራሉ፤ 10ሩ ሥራ ይፈልጋሉ፤ 30ዎቹ ተማሪዎች፣ ሕመምተኞችና አዛውንት ናቸው። ስሌቱ የሚወጣው በሚሠሩትና ሥራ በሚፈልጉት፣ ማለትም በ70ዎቹ ላይ ነው። 10 ለ70 ሲካፈል ከመቶ 14 ያህል ይሆናል። በዓመቱ ከ10ሩ ሥራ ፈላጊዎች 4ቱ መመላለሱ ሰልችቷቸው ቤታቸው ተቀመጡ። አሁን ፈላጊዎቹ 6፣ ድምሩ 66 ሆነ። 6 ለ66 ሲካፈል ከመቶ 9 ያህል ነው። ቁጥሩ ወረደ! ሥራ ያገኘ ሰው ግን አንድም የለም። ያ ደንብ በአንዳንድ አገሮች ሦስተኛውን መመዘኛ ማላላት ይፈቅድ የነበረው ስለዚህ ዓይነቱ ችግር ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ባደረገው ጥናት ሥራ አጡ በከተማ ከመቶ 16.5፣ በገጠር ከመቶ 2 ነበር። ታዲያ በገጠር ሥራ ሞልቷል ማለት ነው? አይደለም። አባትና ሦስት ልጆች በአንድ ጥማድ መሬት ላይ ቢውሉ፣ ሥራው ለአንድ ሰው የማይተርፍ ቢሆንም፣ አራቱም ሠራተኞች ተብለው ይቆጠሩ ነበር። «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይባል የለ? መነኩሴው ሲሰፋ ያየው ሁሉ ሥራ ያለው ይመስለዋል። ይህ ድብቅ ሥራ አጥነት ይባላል።

ይህን ስንል ቁጥር ውሸት ነው ማለታችን አይደለም። ቁጥር የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ስለዚህ «ሥራ አጡ ቀነሰ» ሲባል፦ ስንት ሰዓት ይሠራሉ? ገቢው ያኖራል ወይ? ፍለጋውን የተዉት ስንት ናቸው? ብለን እንጠይቅ። መዝጋቢውም ቤታችን ሲመጣ የሠራነውን ሰዓት በትክክል እንንገረው፤ ተጨማሪ ሥራ የምንሻም ከሆነ አንደብቀው። ያልተነገረ አይጻፍም።

ጥያቄዎች
1. በሰፈሩ ምሳሌ ሥራ ሳይገኝ ቁጥሩ የወረደው ለምንድን ነው?
2. ድብቅ ሥራ አጥነት ምንድን ነው? በቀበሌያችሁ ምሳሌ ፈልጉ።
3. ከ10ሩ ፈላጊዎች 4ቱ ሥራ አግኝተው ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ከመቶ ስንት ይሆን ነበር? አስሉ።