«አባዬ የለም በላቸው»

አባት ልጁን ያስተምራል እንላለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን ልጅም ሳያውቀው አባቱን የሚያስተምርበት ቀን አለ። የሰባት ዓመት ልጄ ያስተማረኝን ሳልሸሽግ ላውጋችሁ።

ከሰፈራችን ባለሱቅ ጤፍና ዘይት በዱቤ እወስዳለሁ። ባለሱቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ሐጂ እንላቸዋለን። የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ ተደራርበውብኝ የሐጂን 6,000 ብር ሳልከፍል ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ድምፃቸውን ስሰማ ልጄን ጠርቼ «አባዬ የለም በላቸው» አልኩት። ልጁም ወጣና ዓይን ዓይናቸውን እያየ «አባዬ ማልዶ ወጥቷል፤ የሚመጣው ማታ ነው» አላቸው። ማልዶ ወጥቷል በል አላልኩትም፤ ከራሱ ጨመረው። እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እፎይ አልኩ።

በሳምንቱ የቤት ሥራውን መሥራቱን ስጠይቀው «ሠርቻለሁ፤ መምህሩም አርመውልኛል» አለኝ። ደብተሩን ብገልጠው ባዶ ነው። ልቆጣ አፌን ስከፍት የቅዳሜው ድምፅ ትዝ አለኝ። ያው ድምፅ፣ ያው ዓይን። ቁጣዬ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። በምን አፌ ልቆጣው?

በዚያ ሌሊት ቁርኣን ስለ ዕዳ የሚለውን ገልጬ ተመለከትኩ። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ፣ ዕዳን ስለ መጻፍና ምስክር ስለ ማቆም የሚናገር ነው። ከእርሱ ቀደም ብሎ 280ኛው አንቀጽ ደግሞ ባለዕዳው የተቸገረ እንደሆነ እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ እንዲሰጠው ያዝዛል። እዚህ ላይ ቆምኩ። አላህ (ሱ.ወ.) ለተቸገረ ሰው በር ከፍቶለት ሳለ እኔ በሬን ዘግቼ ተደበቅሁ። የተደበቀን ሰው ማን ጊዜ ይሰጠዋል? ለሐጂ የነፈግኋቸው ገንዘባቸውን ብቻ ሳይሆን፣ ለተቸገረ በማዘን የሚያገኙትን ምንዳ ጭምር ነበር።

በማግሥቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ልጄን በእጁ ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩ። በእርሱ ፊት «ሐጂ፣ ያን ቅዳሜ ቤት ነበርኩ። ልጁን ያስዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ሐጂ ጥቂት ዝም ብለው «አውቄአለሁ ልጄ፤ ጫማህ ደጃፉ ላይ ነበር» አሉኝ። ከዚያም ደብተራቸውን አውጥተው በየወሩ 2,000 ብር፣ በሦስት ወር እንድጨርስ ተስማምተን ጻፍነው። ስንመለስ ልጄ ቀና ብሎ «አባዬ፣ ፈርተህ ነበር?» አለኝ። «አዎን፣ በጣም» አልኩት። ይህን ስነግረው ግን አላፈርኩም።

ውድ አንባቢያን! ልጄ ከዚያ ወዲህ ጨርሶ አይዋሽም ብል እኔ መልሼ መዋሸቴ ነው። ሲዋሽ ለመገሠጽ ግን አሁን አፍ አለኝ። ልጆቻችን እንከን የሌለበት አባት አያገኙም። የተሳሳተ አባት እንዴት እንደሚመለስ ግን ከእኛ ካላዩ ከማን ያያሉ?

አላህ ጥፋታችንን አምነን ከሚመለሱት ያድርገን። አሚን።